ከጉድጓድ የወጣ ውኃ ለምን በአንድ ሌሊት ይለወጣል?

ከጥቂት ወራት በፊት፣ በአንድ ዓርብ ማለዳ፣ ስልኬ ጮኸ። የደወሉልኝ በሳዑዲ ዓረቢያ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በአል-አሕሳ በሚገኝ የተምር እርሻ ላይ በጥበቃና በአትክልተኝነት የሚሠሩ፣ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የተጠጋ የወሎ ሰው ናቸው። «ኡስታዝ፣ ዓሦቹ አለቁ» አሉኝ። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንተ እንዳልከኝ ነበር ያደረግሁት» ሲሉ ጨመሩ።

ኡስታዝ የተባልኩት በሌላ ትምህርት እንጂ በዓሣ እርባታ አይደለም። ይሁንና በደማም በምኖርበት አፓርታማ ውስጥ 120 ሊትር ውኃ የሚይዝ አኳሪየም ካቆምኩ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ በእነዚህ ዓመታት ዓሦቼ በደኅና መኖራቸው አዋቂ የሆንኩ አስመስሎኝ ነበር። ጋሼም (ስማቸው እንዳይጻፍ ስለ ጠየቁኝ በዚሁ የአክብሮት ስም እጠራቸዋለሁ) ምክር የጠየቁኝ ይህንኑ አይተው ነው። የሰጠኋቸው ምክር ስሕተት ነበር። የስሕተቱን አካሄድ እዚህ ላይ ማስፈር የወደድኩት፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በእርሻና በእንግዳ ማረፊያ ግቢ ተቀጥረው፣ ከሌላው ሥራቸው ጋር የአሠሪያቸውን ዓሣ የመጠበቅ አደራ የተጣለባቸው ወገኖች መኖራቸውን ስለማውቅ ነው። እነዚህ ወገኖች የሚቀዱት ውኃ አብዛኛውን ጊዜ የጉድጓድ ውኃ ነው። የጉድጓድ ውኃ ደግሞ ከከተማ ቧንቧ ከሚወርደው የተለየ ጠባይ አለው።

አል-አሕሳ በዓለም ላይ ካሉት የተምር ምድረ ገነቶች ሁሉ ትልቁ ሲሆን፣ 2.5 ሚሊዮን ያህል የተምር ዛፎች ይገኙበታል፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2018 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ያ ሁሉ አረንጓዴ በበረሃ መካከል የቆመው ከሥሩ ባለው የከርሰ ምድር ውኃ ነው። ውኃው የሚጠራቀመው በኖራ ድንጋይ ንብርብሮች ውስጥ ነው። በቀድሞው ዘመን ምንጮቹ በራሳቸው ግፊት እየፈለቁ ወደ አትክልቱ ይወርዱ ነበር፤ ዛሬ አብዛኛው በፓምፕ የሚሳብ ነው። ጋሼ የሚጠብቁት እርሻም የራሱ ጥልቅ ጉድጓድ አለው። እንግዳ በሚቀበሉበት መጅሊስ ውስጥ፣ ከግድግዳው ጥግ፣ 200 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም ተቀምጧል። በውስጡ ኒዮን ቴትራዎች፣ ጥቂት ኤንጅልፊሾችና ባለቤቱ ከሁሉ አብልጠው የሚወዷቸው ሁለት ዲስከሶች ነበሩ። በድምሩ 23 ዓሦች።

የእርሻው ባለቤት ከቤተሰባቸው ጋር የሚመጡት ሐሙስ ማታ ስለሆነ፣ ጋሼ ሐሙስ ቀትር ላይ የአኳሪየሙን ውኃ ግማሹን አፍስሰው በቀጥታ ከጉድጓዱ ቧንቧ በመጣ ንጹሕ ውኃ ይተኩ ነበር። መስታወቱ ያበራል፤ ውኃው እንደ ብርሌ ይጠራል። ሆኖም ከሰዓታት በኋላ ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከውኃው ገጽ ላይ አድርገው ያለከልኩ ጀመር። ዓርብ ጠዋት አንዱ ወይም ሁለቱ ሞተው ይገኛሉ። ይህ ሦስት ሳምንት ሲደጋገም ነው ጋሼ ወደ እኔ የደወሉት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። በኪሴ የያዝኩትን የኤሌክትሮኒክ መለኪያ ከጉድጓዱ ቧንቧ በቀዳሁት ውኃ ውስጥ ስነክረው ፒኤቹ 6.9 አለ። አኳሪየሙ ውስጥ ስነክረው 8.2 አለ። ዲስከስም ቴትራም መነሻቸው የአማዞን ለስላሳና አሲዳማ ውኃ መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ ወዲያው ፈረድኩ፤ ጉድጓዱ የሚሰጠው ውኃ መልካም ነው፣ የሚያበላሸው በአኳሪየሙ ውስጥ ያለ አንዳች ነገር ነው አልኩ። ድንጋዮቹን ጠረጠርኩ፣ ጠጠሩን ጠረጠርኩ። ከዓሣ መሸጫ ፒኤች ቀናሽ ተብሎ የሚሸጥ አሲድ ገዛሁና፣ ጠዋት ሁለት ክዳን፣ ማታ ሁለት ክዳን እንዲጨምሩ ነገርኳቸው። ቀለም እየተለወጠ ፒኤቹን የሚያሳይ የጠብታ መመርመሪያም ሰጠኋቸው፤ ቢጫ ሲሆን 6 ወይም ከዚያ በታች፣ አረንጓዴ ሲሆን 7 አካባቢ፣ ሰማያዊ ሲሆን 7.6 ወይም ከዚያ በላይ ነው። በሳምንቱ ዓርብ 17ቱ ዓሦች ሞቱ።

የእርሻው ባለቤት ወጪውን ከጋሼ ደመወዝ ላይ እንደሚቀንሱ አስታወቁ። ጋሼ ስለ እኔ አንዲት ቃል አልተናገሩም ነበር።

በማግሥቱ ስደርስ ጋሼ አንድ የልጆች ደብተር አወጡ። በእርሻው ላይ የመስኖውን ተራ የሚጽፉበት ደብተር ነው፤ በመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ፣ በማይናወጥ የአማርኛ ፊደል፣ የሳምንቱን የቀለም ውጤት ሁሉ አስፍረዋል። እሑድ ጠዋት ሰማያዊ፣ መድኃኒቱ ከተጨመረ በኋላ አረንጓዴ፣ ማታ እንደገና ሰማያዊ። ሰኞም እንዲሁ። በየመስመሩ ጎን «ያለከልካሉ» የሚል ቃል አለ፤ መድኃኒቱ ከገባ ከደቂቃዎች በኋላ። ማክሰኞ ማታ ሰማያዊው ፈዘዝ ብሏል። ረቡዕ ማለዳ፣ መድኃኒቱ ከመጨመሩ በፊት፣ አረንጓዴ ነው። ረቡዕ ማታ ቢጫ። ሐሙስ ማለዳ ቢጫ፤ ቀትር ላይ «ግማሽ ውኃ ተቀየረ»፤ ከዚያ አረንጓዴ። ዓርብ ማለዳ ሰማያዊ። ከሰማያዊው ሥር፣ «17»።

ይህን ገጽ ደጋግሜ ሳነብ የሆነው ሁሉ ተገለጠልኝ። ውድ አንባቢያን እንዲከተሉኝ ጥቂት ኬሚስትሪ ማንሣት ግድ ይሆናል።

ፒኤች የውኃን አሲዳማነት ወይም አልካላይነት የሚናገር ቁጥር ሲሆን፣ ዴንማርካዊው ኬሚስት ሶረን ሶረንሰን እ.ኤ.አ. በ1909 ያስተዋወቀው መለኪያ ነው። 7 መካከለኛው ነው፤ ከዚያ በታች አሲድ፣ ከዚያ በላይ አልካላይ። ቁጥሩ ግን እንደ ሜትር ወይም እንደ ኪሎ የሚቆጠር አይደለም። ከ7 ወደ 8 መሄድ የአሥር እጥፍ ለውጥ ነው፤ ከ6 ወደ 8 መሄድ የመቶ እጥፍ። ስለዚህ በወረቀት ላይ ትንሽ የሚመስለው ልዩነት ለዓሣው ትንሽ አይደለም።

ዝናብ ወደ መሬት ሲሰርግ የዛፍ ሥሮችና በአፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ሕያዋን የሚተነፍሱትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ይወርዳል። ይህ ጋዝ ከውኃ ጋር ሲቀላቀል ደካማ አሲድ ይሆናል፤ አሲዱም የኖራ ድንጋዩን እያሟሟ ካልሲየምና ባይካርቦኔት ወደ ውኃው ያስገባል። እንግዲህ ከጥልቅ የሚቀዳው ውኃ ሁለት ነገር ተሸክሞ ይወጣል፤ ቶሎ የሚበንን ጋዝና የማይበንን ባይካርቦኔት። ጋዙ ፒኤቹን ወደ ታች ይጎትታል፣ ባይካርቦኔቱ ወደ ላይ ይገፋል። ከምድር በታች ሳለ ጋዙ ማምለጫ የለውም። ከቧንቧ ወጥቶ አየር ሲያገኝ ግን መውጣት ይጀምራል፤ ጋዙ በወጣ መጠንም ፒኤቹ ይወጣል።

ይህን ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት ከሌላው ይቀላል። የአምቦ ውኃ ጠርሙስ ከፍቶ በብርጭቆ ቀድቶ ያሳደረ ሰው ጠዋት ሲቀምሰው ያ የሚቆነጥጠው ጣዕም ጠፍቶ፣ ማዕድኑ ብቻ ቀርቶ ያገኘዋል። የጉድጓዱም ውኃ ዕጣ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ አረፋው ለዓይን አለመታየቱ ብቻ ነው። በሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊትም የዚሁ ታሪክ ሌላው ጫፍ ነው፤ ውኃው ሲፈላ ጋዙ ይወጣል፣ የሟሟው ኖራ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል።

ስለዚህ በመለኪያዬ ያየሁት 6.9 የውኃው ትክክለኛ ጠባይ አልነበረም። ከምድር ወጥቶ ገና ያልተረጋጋ ውኃ ቁጥር ነበር። እውነተኛው የአኳሪየሙ 8.2 ነበር፤ እኔ ግን እውነተኛውን በሽታ፣ አላፊውን ጤንነት አድርጌ ቆጠርኩት።

ሳልለካው የቀረሁት ደግሞ የካርቦኔት ጥንካሬ ነው፤ አንዳንዶች አልካሊኒቲ ይሉታል። በውኃው ውስጥ ያለውን የባይካርቦኔት ክምችት የሚናገር ልኬት ሲሆን፣ መመርመሪያው ርካሽና ቀላል ነው፤ በትንሽ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ጠብታ እየጨመሩ ቀለሙ ከሰማያዊ ወደ ቢጫ እስኪዞር መቁጠር ብቻ ነው። እያንዳንዱ ጠብታ አንድ ዲግሪ፣ ማለትም በሊትር ወደ 18 ሚሊግራም የሚጠጋ የካልሲየም ካርቦኔት መጠን ነው። በደማም የምኖርበት ሕንፃ ውኃ ከባሕር የተጣራ ነው፤ ጨውና ማዕድኑ ተወግዶ ጥቂት ኖራ የተመለሰበት። ቤቴ ስቆጥር 3 ጠብታ ይበቃል። በእርሻው ላይ ስቆጥር 13 ደረሰ።

ምክሬ የሳተው እዚህ ላይ ነው። ባይካርቦኔት አሲድን የሚውጥ ግድግዳ ነው። በቤቴ ግድግዳው አጭር ስለሆነ ጥቂት አሲድ ፒኤቹን ዝቅ ያደርገዋል፣ ዝቅ እንዳለም ይቆያል። በእርሻው ግድግዳው ረጅም ነው። አሲዱ ሲገባ ባይካርቦኔቱ ይውጠውና ይለወጣል፤ የሚለወጠው ወደ ምን እንደሆነ ግን ልብ ይሏል፤ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ። ከጉድጓዱ ጋር የመጣውንና በአንድ ሌሊት የበነነውን ጋዝ፣ በየጠዋቱና በየማታው እንደገና በእጃችን እንፈጥረው ነበር። ፒኤቹ የወረደው በጋዙ ምክንያት ነው፤ ጋዙ ሲወጣ ተመልሶ የወጣውም ለዚሁ ነው። በ13 ዲግሪ ጥንካሬ ፒኤቹን 6.9 ላይ ለማድረስ በሊትር ወደ 50 ሚሊግራም የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስፈልጋል። አኳሪየም ጠባቂዎች ግን ከ30 በላይ ሲሆን መስጋት ይጀምራሉ፤ ጋዙ በውኃው ውስጥ ሲበዛ የዓሣው ደም የራሱን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማስወጣት ይሳነዋል፤ ኦክስጅን የመሸከም ችሎታውም ይቀንሳል። ጋሼ «ያለከልካሉ» ብለው የጻፉት ይህንን ነው። ከአሲዱ በፊት በየሐሙሱ ይሆን የነበረውም ያው ነው፤ ከጥልቅ የመጣ ውኃ ጋዝ የበዛበት፣ ኦክስጅን ያነሰበት፣ በዚያም ላይ ሞቅ ያለ ነውና።

የረቡዕ ዕለቱ አረንጓዴ ግን የከፋውን ነገር ይናገራል። እያንዳንዱ የአሲድ ክዳን ከግድግዳው ድንጋይ እየናደ ሄዷል። የመድኃኒቱ መጠን አልተለወጠም፤ የሚውጠው ግን በየቀኑ አነሰ። ረቡዕ ማታ ግድግዳው አለቀና ፒኤቹ ከ6 በታች ወደቀ። በማጣሪያው ስፖንጅ ውስጥ የሚኖሩት፣ የዓሣውን ቆሻሻ ከአሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በእንዲህ ያለ አሲድ ውስጥ ሥራቸውን ያዘገያሉ። አሞኒያው ተጠራቀመ። ሆኖም ዓሦቹ ያን ጊዜ አልሞቱም፤ ምክንያቱም በአሲዳማ ውኃ ውስጥ አሞኒያ በአብዛኛው አሞኒየም በተባለው፣ ጉዳቱ እጅግ ባነሰ መልኩ ይቆያል። በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ ፒኤች 6 ላይ መርዛማው ክፍል ከመቶ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም፤ 7 ላይ ከመቶ ወደ 0.6 ይሆናል፤ 8 ላይ ከመቶ 5 ያልፋል። ሐሙስ ቀትር ላይ ግማሹ ውኃ ከጉድጓዱ በመጣ ባለ 13 ዲግሪ ውኃ ተተካ። ግድግዳው በአንዴ ተመለሰ፤ ሌሊቱን ጋዙ ሲበንን ፒኤቹ ከ6 በታች ወደ 8 ገደማ ወጣ። ግማሹ ውኃ ተቀይሮ እንኳ፣ የቀረው አሞኒያ መርዛማ ክፍሉ በአንድ ሌሊት ብዙ አሥር እጥፍ አደገ። ሰውዬው ያጠፉት ነገር የለም። የታዘዙትን በሰዓቱ ፈጽመዋል፤ ያዘዝኩት እኔ ነኝ።

ይህንኑ ለባለቤቱ ነገርኳቸው። ደብተሩን መስመር በመስመር ወደ ዓረብኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። «ረቡዕ ማታ ቢጫ» ስል አስቆሙኝና፣ እንደገና እንዳነብ ጠየቁ። ከዚያም ወደ ጋሼ ዞረው፣ ይህን ሁሉ ጽፎ ሳለ ለምን ዝም እንዳለ ጠየቋቸው። ጋሼ በአማርኛ፣ ለእኔ ብቻ፣ «ማን ጠየቀኝና!» አሉ። ያችን መልስ ስተረጉም ጥቂት አለዘብኳት። የደመወዙ ነገር ቀረ። የዓሦቹን ዋጋ እኔ ልክፈል ብዬ አቀረብኩ፤ ባለቤቱ ግማሹን ተቀበሉ፤ ፍትሐዊ ነው ብዬ አምናለሁ።

በዚያው ቅዳሜ፣ ጋሼና እኔ ሁለት ባልዲ ከጉድጓዱ ሞላን። አንዱን እንዲሁ ተውነው፤ በሁለተኛው ውስጥ አነስተኛ የአየር ፓምፕ ከአየር ድንጋይ ጋር አስገባን። ሁለቱም ከ6.9 ተነሡ። ከሁለት ሰዓት በኋላ አየር የሚነፋበት 7.8 ደርሶ ነበር፤ በማግሥቱ ጠዋት 8.2። ዝም ብሎ ያደረው ገና 7.6 ነበር። ጋሼ እንዲህ ያለ ነገር ሲያዩ አይስቁም፤ ለረጅም ጊዜ ሁለተኛውን ባልዲ ሲመለከቱ ቆዩና፣ «ውኃም እንደ ሰው ማረፍ አለበት ማለት ነው» አሉ።

ከዚያ ወዲህ በእርሻው ላይ የተደረገው ይህ ነው። ከመጅሊሱ ጀርባ ጥላ ሥር አንድ ክዳን ያለው የፕላስቲክ በርሜል ቆመ። ጋሼ ማክሰኞ ማታ ይሞሉታል፤ ፓምፑ እስከ ሐሙስ ይነፋል። አንድ ቀን ይበቃው ነበር፤ ሁለት የሚያደርጉት ስለሚጠራጠሩ ነው፣ ጥርጣሬያቸውንም አልነቅፍም። በዚህ ጊዜ ጋዙ ይወጣል፣ ኦክስጅን ይገባል፣ የውኃው ሙቀት ከክፍሉ ሙቀት ጋር ይቀራረባል። አንዳንድ ጉድጓዶች እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ወይም የሟሟ ብረት ይኖራቸዋል፤ ያም ቢሆን በዚሁ አየር የማስነፋት ሥራ ይቃለላል፤ ብረቱ ዝገት መስሎ ከበርሜሉ ግርጌ ይዘቅጣል። የሚለወጠው ውኃም ከግማሽ ወደ ስምንተኛ እጅ ወረደ፤ ከ200 ሊትሩ 25 ሊትር። አኳሪየሙም በርሜሉም 8.2 ስለሆኑ ዓሣው ለውጡን አያውቀውም። የአሲዱ ጠርሙስ ተጣለ።

ቁጥሩ ከፍ ያለ መሆኑ ራሱ እንደ በሽታ መታየት የለበትም። ጋሼ የተወለዱት በሐይቅ ከተማ አጠገብ ነው። የሐይቅ ውኃ ፒኤች ወደ 9 ይጠጋል፤ ቆሮሶው ግን በውስጡ ይረባል፣ የአካባቢው ሰው ይመገበዋል። ዓሣን የሚገድለው ብዙውን ጊዜ የቁጥሩ ከፍታ ሳይሆን መወዛወዙ ነው። ከዚህ የሚከተለው ደግሞ፣ ውኃን ለዓሣው ከመለወጥ ለውኃው የሚስማማ ዓሣ መምረጥ እንደሚቀል ነው። ጋፒ፣ ሞሊ፣ ፕላቲ፣ እንዲሁም ከማላዊና ከታንጋኒካ ሐይቆች የመጡት ሲክሊዶች ጠንካራና አልካላይ ውኃ ይወዳሉ። ባለቤቱ በመጨረሻ የመረጡት ሞሊና ጋፒ ነው። ዲስከስ ካልሆነ የሚል ሰው ግን አሲድ ሳይሆን በሪቨርስ ኦስሞሲስ የተጣራ ውኃ ከጉድጓዱ ውኃ ጋር መቀላቀል አለበት፤ ግማሽ በግማሽ ቢቀላቅል 13 ዲግሪው ወደ 6.5 ይወርዳል፤ መጠኑንም ዘወትር አንድ ዓይነት ማድረግ ይኖርበታል። በብዙ ቤት የሚገኘው የጨው ውኃ ማለስለሻ ለዚህ አይጠቅምም፤ ካልሲየሙን በሶዲየም ይተካል እንጂ ባይካርቦኔቱን አይነካም።

ሁለት ነገር ልጨምር። የእርሻ ጉድጓድ ጥልቀቱ አነስተኛ ከሆነ ማዳበሪያ ወደ ውኃው ሰርጎ ናይትሬት ሊያበዛ ይችላል፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ መመርመር ይገባል፤ ይህ ደግሞ ከዓሣው ይልቅ ለሚጠጣው ሰው ነው፣ በተለይ ለሕፃናት። ሁለተኛው፣ ፒኤች ሲለካ ሰዓቱ አንድ ይሁን። እፅዋት በብርሃን ጊዜ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚመገቡ ከሰዓት በኋላ ቁጥሩ ይወጣል፣ ሊነጋ ሲል ይወርዳል። ጠዋት ለክቶ ማታ ከለካው ሰው ጋር መከራከር ከንቱ ድካም ነው።

ዓሣ ከሱቅ ሲመጣም ጥንቃቄ አለ። የከተማው ነጋዴ ዓሣውን የሚያኖረው ብዙ ጊዜ ከባሕር በተጣራ ለስላሳ ውኃ ነው። ያን ዓሣ በቀጥታ ወደ 8.2 መጣል የሐሙሱን ሌሊት መድገም ነው። ጋሼ አሁን ከረጢቱን በባልዲ ውስጥ አፍስሰው፣ በቀጭን የአየር ቱቦ የአኳሪየሙን ውኃ ጠብታ በጠብታ እያወረዱበት አንድ ሰዓት ያህል ይጠብቃሉ። ቱቦውን የሚቆጣጠሩት በልብስ መቆንጠጫ ነው።

ከሁለቱ ዲስከሶች የተረፈው ቀዩ ነበር። ባለቤቱ በእርሻው እንዳይቆይ ፈቀዱና በእርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለ ባልዲ ወደ ደማም ይዤው ተመለስኩ። የእኔ ውኃ ለእሱ የሚስማማ ነው፤ ችግሩ ግን ተቃራኒው ነው። የማጣሪያው ባክቴሪያዎች አንድ ሚሊግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ሲለውጡ 7 ሚሊግራም ያህል አልካሊኒቲ ይበላሉ፤ ባለ 3 ዲግሪ ግድግዳ ደግሞ ለዚህ ብዙ አይቆይም። ባለፈው ወር ስቆጥረው አንድ ጠብታ ብቻ ቀርቶት አገኘሁ። ለስድስት ዓመት ሳልለካ እንዴት እንዳለፈኝ አላውቅም፤ በየሳምንቱ ውኃ መቀየሬ ሳያውቀኝ ጠብቆኝ ኖሯል ብዬ እገምታለሁ። አሁን በየሳምንቱ በምቀይረው ውኃ ውስጥ ለዳቦ ከምንጠቀምበት ቤኪንግ ሶዳ ቁንጣሪ አሟሟለሁ፤ ወደ ላይ ዘልሎ እንዳይወጣም በጣም ጥቂት።

ሐሙስ ማታ፣ እንግዶቹ ከመድረሳቸው በፊት፣ ጋሼ ይደውላሉ። በመጀመሪያ የበርሜሉን ቀለም ይነግሩኛል፤ ሰማያዊ ነው፣ ያለፈው ሳምንትም ሰማያዊ ነበር። ከዚያ ስለ ቀዩ ይጠይቁኛል፤ በላ ወይ፣ ስንት ጠብታ ቆጠርክ፣ ጻፍከው ወይ?